«እኔን ማን ጠየቀኝ?» ያሉኝ እናት

ሮክ የወደድኩት ደጅ ቆሜ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ዩ ስትሪት አካባቢ ማታ ማታ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። ናይን ሰርቲ የሚባለው የሙዚቃ ክለብ ቅርባችን ነው። ዘጠነኛው ጎዳና ላይ ካሉት የአበሻ ምግብ ቤቶችም ብዙ አይርቅም። ኮንሰርት ባለ ማታ ፓርኪንጉ ጢም ይላል። ልጆቹ ጥቁር ቲሸርት ለብሰው ይወርዳሉ፤ እኔ ቁልፍ እቀበላለሁ። ከሦስት ሰዓት በኋላ በላብ ተጠምቀው፣ ድምፃቸው ተዘግቶ ይመለሳሉ። ፊታቸው ግን በርቷል። እዚያ ውስጥ ምን እንዳለ ማየት አማረኝ።

አንድ ቀን የእረፍት ቀኔን ጠብቄ ትኬት ገዛሁና ገባሁ። ሙዚቃውን መጀመሪያ የሰማሁት በደረቴ ነው። የቤዝ ጊታሩ ድምፅ ከወለሉ ተነስቶ በጫማዬ በኩል ወጣ። አጠገቤ አንድ ልጅ ተንሸራቶ ሲወድቅ አራት እጅ ባንዴ አነሳው። ያነሱት ሰዎች እርስ በርስ አይተዋወቁም። እኔ ጥምቀት ትዝ አለኝ። ታቦት ሲሸኝ ወጣቱ እየዘለለ አንዱ ሌላውን ደግፎ የሚሄደው ነገር። አክስቴ እስከ ዛሬ «ያ ጩኸትህ» ትለዋለች። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ የሮክ ሰው ነኝ።

ከተማዋ በዚህ ነገር የራሷ ታሪክ አላት። ፉጋዚ የሚባለው የሮክ ባንድ የተመሠረተው እዚሁ ነው፤ የመጀመሪያ ኮንሰርቱንም ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በር ላይ ብዙውን ጊዜ የሚያስከፍለው 5 ዶላር አካባቢ ነበር። በዕድሜ ማንንም አይከለክልም። መሃል ገብቶ ሰው የሚጎዳ ጎረምሳ ካዩ ዘፈኑን ያቆማሉ፤ ገንዘቡን መልሰው ያስወጡታል። ዲሲ ውስጥ ሲጫወቱ ደግሞ ወይ በነፃ ነው ወይ ገቢው ለሌላ ሰው ነው። የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ እ.ኤ.አ. ጥር 12 ቀን 1991፣ ኋይት ሀውስ ፊት ለፊት ላፋየት ፓርክ ላይ በዚያ ብርድ ተጫውተዋል። እኔ ስመጣ መጫወት አቁመው ነበር። ኮንሰርቶቻቸውን ግን ቀርጸው አስቀምጠዋል። እሱን እየሰማሁ ስንት ሌሊት ፓርኪንግ ውስጥ አንግቻለሁ! በዘፈን መሃል ጊታሩ ዝም ብሎ አንዱ ሲናገር ይሰማል። «እባክህ ሰው አትምታ» ዓይነት ነገር ነው። ለእኔ የሙዚቃ ፍትሕ እዚህ ጋ ነው። ስንት ተከፈለ? ማን ገባ? የወደቀውን ማን አነሳው?

አንድ ነገር ግን ይከነክነኝ ነበር። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። በ77 ድርቅ ስድስት ዓመቴ ነው። ጥቅምት ላይ ከኮረም የተቀረጸው ፊልም በቢቢሲ ታየ፤ ዓለም ደነገጠ። ከዚያ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደን ዌምብሊና በፊላዴልፊያ ላይቭ ኤድ የሚባለው ለረሃቡ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ኮንሰርት ተዘጋጀ። ኩዊን፣ ዩቱ፣ ዴቪድ ቦዊ፤ የምወዳቸው ሁሉ እዚያ ነበሩ። ቪዲዮውን ያየሁት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሥራ ገብቼ፣ ብቻዬን። ኩዊን ሲጫወት ቆሜ አጨበጨብኩ። ትልቁ ስክሪን ላይ የኛ ሕፃናት ሲመጡ ቁጭ አልኩ። የሰጡትን ሰዎች አመሰግናለሁ፤ በዚያ ገንዘብ የተረፈ ሰው አለ። ግን መድረኩ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ዘፋኝ አልቆመም። ጥላሁን ገሠሠን የመሰለ፣ ስለ ረሃብ እያለቀሰ የዘፈነ ሰው ያለው ሕዝብ ነን። እዚያ ግን የታየው ፊታችን ብቻ ነው፤ ድምፃችን አልተሰማም። ይህን ለዓመታት ለሰው ሁሉ ስናገር ኖሬያለሁ። ከዚያ እኔው ራሴ ያንኑ ሠራሁት።

እንዲህ ነው። ኮሎምቢያ ሃይትስ በሚባለው የዲሲ ሰፈር የምኖርበት ሕንፃ ሊሸጥ ነው ተባለ። ተከራዩ ግማሹ አበሻ፣ ግማሹ የኤልሳልቫዶር ሰው ነው። ዲሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ ሕግ አለ። ባለቤቱ ሕንፃውን ሲሸጥ ቅድሚያ ለተከራዮቹ ዕድል መስጠት አለበት። ተከራዮቹ ግን ማኅበር አቋቁመው ማስመዝገብ ይጠበቅባቸዋል፤ ለዚያ የነበረን 45 ቀን ነው። ማኅበሩን በ20 ቀን አቋቋምን። የቀረው ለሕንፃ መርማሪና ለወረቀት ሥራ የሚሆን ገንዘብ ነበር። እኔም «ኮንሰርት ላዘጋጅ» አልኩ።

ፎርት ሪኖ የሚባለው የዲሲ ፓርክ ላይ በጋ በጋ በነፃ የሚጫወቱ ወጣት ባንዶች አውቃለሁ። ሦስቱን ጠየቅኳቸው፤ ሦስቱም እሺ አሉ። አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤቱን ሰጠን። ስፒከርና ማይክ በ300 ዶላር ተከራየሁ። ስለ ገንዘብ ከሆነ የምመክረው ይህን ነው፦ የድምፅ ባለሙያውን አስቀድማችሁ ክፈሉ። ባንዶቹ በነፃ ሊጫወቱ ይችላሉ፤ እሱ ግን ከሰው ሁሉ በፊት መጥቶ ከሰው ሁሉ በኋላ ነው የሚሄደው። በር ላይ 10 ዶላር ጻፍን። ከሥሩም «የሌለው ሰው አይመለስም» የሚል ጨመርን። 130 ሰው መጣ። የሳምቡሳው ሽያጭ ተጨምሮ፣ ወጪ ተቀንሶ 1,640 ዶላር ቀረ። ሌሊቱን ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ጎረቤቴን አገኘኋቸው። ከሰባ ያለፉ እናት ናቸው። እኔም ሕንፃውም «እማማ» ነው የምንላቸው። ሰላም ስላቸው ቀና ብለው አላዩኝም። የልብስ ቅርጫታቸው ላይ የተጣጠፈ ወረቀት ነበር። የኔ ፖስተር ነው። መሃሉ ላይ የሳቸው ፎቶ፤ ኮሪደሩ ላይ የዝናብ ውሃ ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ። አንድ የማኅበሩ ልጅ ያነሳው ነው። እኔ «ልብ ይነካል» ብዬ ነበር የመረጥኩት።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ትናንት ሳምቡሳ ልሸጥ ወጥ ቤት ቆሜ አንዱ ልጅ በማይክ ስለ እኔ ሲናገር ሰማሁ። አሮጊት ናት፣ ታለቅሳለች አለ። ፎቶዬም ግድግዳ ላይ ነው። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

መልስ አልነበረኝም። የዌምብሊው ስክሪን ዓይኔ ላይ መጣ። ተከራዮቹን ሁሉ ወጥ ቤት አስገብቼ፣ መድረኩን ለማያውቃቸው ሰው ሰጥቻለሁ።

ማታውን ዳቦ ይዤ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። እማማ ቡና አፈሉ። እስከ ሦስተኛው ድረስ ስለ ኮንሰርቱ ቃል አልተነፈሱም። በረካ ላይ «አሁን ጠይቀኝ» አሉ። ጠየቅኳቸው። የነገሩኝ ብዙ ነው፤ ሁሉንም ጻፍኩት። ሰው ከሥራ ሲወጣ ይመሽበታል፤ ማታ ሦስት ሰዓት የሚጀመር ነገር ለአበሻ አይሆንም። ወንበር ያስፈልጋል። ከስፓኒሽ ጎረቤቶቻቸው ጋር በምልክት መነጋገር ሰልችቷቸዋል፤ አስተርጓሚ ይምጣ። ገንዘቡን ሁለት ሰው ይቁጠረው፤ አንዱ ተከራይ ይሁን። የሚናገር ካለም እሳቸው ራሳቸው ይናገራሉ።

ሁለተኛውን ኮንሰርት ለማዘጋጀት ሁለት ወር ፈጀብን። የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ነበር የወሰደው። ልዩነቱ ስብሰባ ነው። ከኤልሳልቫዶር ሰዎች ጋር በሦስት ቋንቋ መነጋገር ያደክማል፤ አንዴ ስለ ፖስተሩ ብቻ ሁለት ሰዓት ተከራክረናል። በመጨረሻ ፎቶ ቀረ፤ የሕንፃው በር ተሳለ። ባንዶቹንም ወደ ተከራዮቹ ስብሰባ ጋበዝናቸው። ሁለቱ መጡ፤ ጥግ ላይ ተቀምጠው አዳመጡ። ሦስተኛው አልተመቸውም፤ እሱን ተውነው። ትክክል ነበርን ብዬ አምናለሁ። ለማን እንደሚጫወት የማያውቅ ሰው የፈለገውን ያህል ቢጫወት ያው ጩኸት ነው።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ጀመርን። ግድግዳውን ተከትሎ ወንበር ደረደርን። መግቢያው ላይ በጎድጓዳ ሳህን የጆሮ መድፈኛ አስቀመጥን፤ በነፃ። ፑፑሳ የሚባለው የኤልሳልቫዶር ቂጣና የኛ ሳምቡሳ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቀረበ። ሻጮቹ ተራ ገብተው ሁሉም ሰው አዳራሹን አየ።

ሁለተኛው ባንድ ሦስት ዘፈን ተጫውቶ አቆመ። እማማ ወጡ። ከበሮ መቺው ወንበሩን ሰጣቸው፤ አልተቀመጡም። ማይኩን በሁለት እጅ ያዙት። ስለ ማልቀስ አላወሩም። በዚህ ሕንፃ 19 ዓመት እንደኖሩ፣ ሦስት ልጅ እዚያ እንዳሳደጉ፣ ኪራይ አንድም ወር እንዳላሳለፉ ተናገሩ። ጣሪያውን ለማሳደስ ስንት ደብዳቤ እንደጻፉ ቆጠሩ፤ ሰባት። «ሰባቱም እዚህ አሉ» ብለው ከነጠላቸው ሥር አወጡ። አስተርጓሚዋ ቁጥሩን በስፓኒሽ ስትደግመው ከኋላ አንድ ሰው የራሱን ወረቀት ከፍ አደረገ። ከዚያ ሌላው። ጊታሪስቱ አንዲት ክር ነካ፤ ድምፁ ረዘመ። እማማ ዞር ብለው አዩትና «ቀጥል» አሉት።

የዚያን ቀን 2,115 ዶላር ገባ። ምድር ቤቱ ከተጠረገ በኋላ እማማ ከኤልሳልቫዶሯ ጎረቤታቸው ጋር ጠረጴዛ ላይ ቆጠሩት። ሁለት ጊዜ። ከዚያ እማማ መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን ራሳቸው ደብተሩ ላይ ጻፉና ፈረሙበት።