የጥበብ ጥርስ ስነቅል የማደርገውና ታካሚው ቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ

የመጨረሻውን መንጋጋ፣ የጥበብ ጥርስ የምንለውን፣ መንቀል ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ቢወስድ ነው። ታካሚው የሚሠቃየው ወይም በሰላም የሚያልፈው ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ቀናት ነው። እነዚያን ቀናት ደግሞ የሚወስናቸው ጉድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም ነው። ስለዚህ በአሠራሬ ከሁሉ በፊት የቀየርኩት ምክር የምሰጥበትን ሰዓት ነው። ድሮ ጥርሱን ነቅዬ፣ ጎዙን፣ ማለትም ደም የሚመጠውን ስስ ጨርቅ፣ አስነክሼ ነበር የምናገረው፤ አፉ የደነዘዘና የደነገጠ ሰው ግን ከሚነገረው ግማሹን እንኳ አይዝም። አሁን መርፌውን ከማንሳቴ በፊት ሁሉንም እነግራለሁ፣ በጽሑፍም እሰጣለሁ፣ አብሮት የመጣ ሰው ካለም እንዲሰማ አደርጋለሁ።

የጥበብ ጥርስ ሁሉ አይነቀልም። ቀጥ ብሎ የወጣ፣ ብሩሽ የሚደርስበትና የማያም ጥርስ ይቀመጥ። የምነቅለው ድዱ በላዩ ላይ እየተመላለሰ ሲያብጥና መግል ሲይዝ፣ ሲበሰብስ፣ ወይም ወደ ፊት አጋድሎ የጎረቤቱን ጥርስ ሲጎዳ ነው። ድዱ አሁን አብጦ አፉ የማይከፈትለት ሰው ከመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ከድዱ ሥር አጥቤ እብጠቱን አበርዳለሁ። በተቆጣ ሥጋ ውስጥ ማደንዘዣ በደንብ አይሠራም።

ራጁ ላይ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሥሩ ጫፍ ነው። በታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ ያልፋል፤ መተላለፊያው በሁለት ነጭ መስመሮች መካከል ይታያል። መስመሩ ሥሩ ጋ ሲደርስ ከተቋረጠ፣ ወይም ሥሩ እዚያ ቦታ ላይ ከጠቆረ፣ ሁለቱ ተጠጋግተዋል ማለት ነው። ያኔ በሦስት አቅጣጫ የሚያሳይ ምስል አዛለሁ። ሥሩ ነርቩን ካቀፈው፣ የጥርሱን አናት ብቻ ቆርጦ ሥሩን መተው አንዱ አማራጭ ነው። የከንፈር ወይም የምላስ መደንዘዝ ሊመጣ እንደሚችል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት እንደሚመለስ፣ አልፎ አልፎ ግን እንደሚቀር ሳልነግር ወደ ሥራ አልገባም። የደም ማቅጠኛ ወይም የአጥንት መሳሳት መድኃኒት የሚወስድ ሰውም አስቀድሞ ይንገረን፤ ማቅጠኛውን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ከመድማቱ የባሰ አደጋ ያመጣል።

ማደንዘዣው 2 በመቶ ሊዶካይን ከአድሬናሊን ጋር ነው። አድሬናሊኑ ልብን ለአንድ ሁለት ደቂቃ ሊያስመታ ይችላል፤ ቀድሞ የተነገረው ሰው አይደነግጥም። ታችኛው ከንፈር እስከ አገጩ መሀል ድረስ ካልደነዘዘ ቢላ አላነሳም። ከዚያም ትከሻውን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ «የሚሰማዎት ይህን የመሰለ ግፊት ነው፤ የሚወጋ ነገር ከተሰማዎት ግራ እጅዎን ያንሱ፣ ወዲያው አቆማለሁ» እላለሁ። ማደንዘዣ ሕመምን እንጂ ግፊትን እንደማያጠፋ ያልተነገረው ሰው፣ እያንዳንዱን ግፊት ሕመም ነው ብሎ ይጠብቃል።

ድዱን ቀድጄ ገለጥ አደርጋለሁ፣ ጥርሱን የሸፈነውን አጥንት በመሰርሰሪያ አነሳለሁ። ሳላይን፣ ማለትም ንጹሕ የጨው ውኃ፣ ሳይቋረጥ መፍሰስ አለበት፤ የጋለ አጥንት ይሞታል። ያጋደለውን ጥርስ እንዳለ ለማውጣት ከመታገል ለሁለት መክፈል ይሻላል፤ የሚነሳው አጥንት ባነሰ ቁጥር እብጠቱም ያንሳል። ሲሰነጠቅ ቀጭ የሚል ድምፅ በራስ ቅል ውስጥ ይሰማል፣ ይህንንም ቀድሜ እናገራለሁ። መጨረሻ ላይ ከተገለጠው ድድ ሥር በደንብ አጥባለሁ፤ እዚያ የቀረ የአጥንት ፍርፋሪ ከሳምንታት በኋላ መግል ሆኖ ይመለሳል።

«ደሙ አልቆም አለ» ተብሎ ሲደወልልኝ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጎዙ ቦታ ነው። ጎዙ በጥርሶች መካከል ሳይሆን ጉድጓዱ ላይ መጫን አለበት። በንጹሕ ውኃ አርጥቦ፣ አጥፎ፣ 30 ደቂቃ ሳይከፍቱ አጥብቆ መንከስ ነው፤ በየአምስት ደቂቃው እያወጣ የሚያይ ሰው የረጋውን ደም አብሮ ያነሳዋል። በመጀመሪያው ቀን ምራቅ ቀላ ቢል ችግር የለውም። መትፋት፣ በስትሮ መምጠጥ፣ መጉመጥመጥና ማጨስ ግን ደሙን ከቦታው ያላቅቃሉ። የሕመም ማስታገሻው የመጀመሪያ መጠን ድንዛዜው ሳይለቅ ይዋጥ። ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ አስም ወይም እርግዝና ለሌለበት አዋቂ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከፓራሲታሞል 1000 ሚሊግራም ጋር ጥሩ ይሠራል፤ ፓራሲታሞል በ24 ሰዓት ከ4000 ሚሊግራም አይለፍ።

እብጠቱ የሚበረታው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ሳይነገረው የቀረ ሰው ያን ጊዜ ተበላሸ ብሎ ይጨነቃል። በመጀመሪያው ቀን በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ 20 ደቂቃ አድርጎ 20 ደቂቃ ማሳረፍ ነው። አፍ በደንብ አለመከፈቱም ለሳምንት ያህል ይጠበቃል። ከ24 ሰዓት በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ፣ ሳይጉመጠመጡ አፍ ውስጥ ማንሸራተት፣ ከዚያ አፍን ከፍቶ እንዲፈስ መተው።

ሕመሙ ቀንሶ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ወደ ጆሮ እየወጋ ከተመለሰ፣ አፍም ከሸተተ፣ የረጋው ደም ወጥቶ አጥንቱ ተራቁቷል። ድራይ ሶኬት የምንለው ይህ ነው፤ በታችኛው መንጋጋና በሚያጨሱ ሰዎች ይበዛል። አንቲባዮቲክ አይፈታውም። ይምጡ፣ ጉድጓዱን አጥቤ መድኃኒት ያለው ማሸጊያ አደርግበታለሁ፤ ብዙ ሰው በሰዓታት ውስጥ እፎይ ይላል። ከሦስተኛው ቀን በኋላ እየጨመረ የሚሄድ እብጠትና ትኩሳት ግን ሌላ ነገር ነው፣ በዚያው ቀን ይታይ። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

የላይኛው ጥርስ ሲነቀል የሚቀለው ሥራው ነው፤ ሥሩ ግን ከጉንጭ አጥንት ጀርባ ካለው የአየር ክፍተት ጋር ሊዋሰን ይችላል። ክፍተቱ ከተነካ ለሁለት ሳምንት አፍንጫን በኃይል መናፈጥ የለም፣ ማስነጠስ ሲመጣም አፍን ከፍቶ ነው።