ቦሩ ሜዳ የማን ትምህርት ነው?

ሱፐርቫይዘሩ የክፍል ምልከታ ቅጻቸውን ይዘው በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜዬ ከኋላ ሲቀመጡ የደሴ ካርታ ሉህ ሰሌዳው ላይ ተሰቅሏል። መስፈርቱ አንድ ለ50,000 ነው፤ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች በሚያገናኙት የኮንቱር መስመሮች መካከል 20 ሜትር የከፍታ ልዩነት አለ።

በደሴና ኮምቦልቻ መካከል ካለው ከሐረጎ ዳገት ጀመርን። ደሴና ኮምቦልቻ በማስመሪያ ሲለኩ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ መኪና ግን 25 ገደማ ይነዳል። ልጆቹ መስመሮቹ ተጣብቀው፣ ማለትም ቁልቁለቱ በርትቶ፣ ሲያዩ መንገዱ ለምን እንደሚጠማዘዝ ማንም ሳይነግራቸው ገባቸው። ቀጥለው የቦርከናን ወንዝ በጣታቸው ተከተሉ፦ ውሃው አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ከኩታበር ወዲያ የሚወርደው ግን በበሽሎ ወንዝ አድርጎ ወደ አባይ ይሄዳል። ጎረቤት በሆኑ ተራሮች ላይ የዘነበ ዝናብ እንዲህ ይለያያል!

ከዚያ፣ “ብዙ ሠራዊት የሚያሰፍር ቦታ ፈልጉልኝ” አልኳቸው።

አንዲት ተማሪ ከከተማው በስተሰሜን መስመሮቹ የሚራራቁበት ለጥ ያለ ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች። “እዚህ ነው፣ መምህር። ቦሩ ሜዳ።” ጥቂት ዝም ብላ፣ “ለካ ድንኳኑ ሁሉ የተተከለው እዚህ ነው!” አለች። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት የሃይማኖት ጉባኤውን ያካሄዱት በ1870 ዓ.ም. መሆኑን በቃሏ ታውቃለች። ነገሥታት ከነሠራዊታቸው የሚሰበሰቡበት መሬት ምን እንደሚመስል ግን ያየችው ያን ዕለት ነው።

ስንወጣ ሱፐርቫይዘሩ አስቆሙኝ።

“ቦሩ ሜዳ የታሪክ ትምህርት ነው። እርስዎን ምን አገባዎት?”

“ጉባኤው የታሪክ ነው፤ ሜዳው ግን የእኔ ነው” አልኳቸው።

“ከዕቅዱ ወጥተዋል” አሉና ጻፉት። ነጥቤም ተቀነሰ።

እርግጥ የመልመጃው ጥያቄዎች ሳያልቁ ደወሉ ተደውሏል። ለጊዜ አጠቃቀም ቅጹ ላይ ቦታ አለው። አንድ ልጅ ለፈተና የሸመደደውን ዓመት በእግሩ ከሚረግጠው መሬት ጋር ሲያገናኝ ግን የሚመዘገብበት ረድፍ የለም። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ወሎ ውስጥ እያስተማሩ ታሪኩን ከተራራው መለየት ለእኔ የማይሆን ነገር ነው።

በማግስቱ የታሪክ መምህሩ ካርታውን ሊዋስ መጣ። ተማሪዎቹ ሲነግሩት ውጫሌን ሊያሳያቸው አስቦ ነው። ውጫሌ ግን ከዚህ ሉህ በስተሰሜን ውጭ ነው፤ ትምህርት ቤታችንም ያንን ሉህ የለውም። እንዲገዛልን ማመልከቻ አስገብተናል፤ የጂኦግራፊም የታሪክም ክፍል ፈርመውበታል።