ብዕሩ አሸንፏል ተብሏል

ለመጋዘን ቆጠራ የእጅ ኮምፒውተር ልንገዛ ነው። ፍጻሜ የደረሱት ሁለት ናቸው፦ ሲከፈት ደህና ኪቦርድ የሚወጣው ሳይዮን ሲሪስ 5 እና በብዕር የሚጻፍበት ፓልም።

አለቃችን ልባቸው ገና ድሮ ፓልም ጋ ሄዷል። የራሳቸው ከኪሳቸው አይለይም። ግራፊቲ የሚባለውን አጻጻፍ አሳምረው ይችሉታል፤ "ኤ"ን ያለ መሐል ሰረዟ፣ አብዛኛውን ፊደል ብዕሩን ሳያነሱ። ስብሰባ ላይ ስማቸውን ጻፉበት። ሁሉም አደነቀ።

ነገሩ ብልሃት እንዳለው አልክድም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ኒውተን የተባለ የአፕል የእጅ ኮምፒውተር የሰውን የእጅ ጽሕፈት አነባለሁ ብሎ መሳቂያ ሆኖ ነበር። በ1996 የመጣው ፓልም ነገሩን ገለበጠው። እኔ የናንተን ጽሕፈት ከምማር እናንተ የኔን ተማሩ አለ። ሰውም ተማረ።

የኛ ቆጣሪዎች ግን ስማቸውን አይጽፉም። የሚጽፉት የዕቃ ኮድ ነው፤ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት። ግራፊቲ ላይ ደግሞ ፊደል በግራ፣ ቁጥር በቀኝ በኩል ነው የሚጻፈው።

"እስኪ ይቺን ይጻፉልኝ" አልኳቸው። "ቢ፣ 8፣ ኤስ፣ 5።"

ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ... የመጨረሻዋን 5 እዚያው ግራ ላይ ጻፏት። ሌላ "ኤስ" ሆና ወጣች።

"የልምምድ ጉዳይ ነው" አሉ፣ እየደለቱ።

"መሰላል ላይ ሆነውም?"

"ያንተን ኪቦርድስ መሰላል ላይ በምን ሊይዙት ነው? በጥርሳቸው?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መልስ ነበረኝ፤ የመጣልኝ ግን ማታ አልጋ ላይ ነው። ፓልም ተገዛ።

ብዕሮቹ ብዙም ሳይቆዩ ይጠፉ ጀመር። ያ ስክሪን የሚያውቀው ግፊትን ብቻ ስለሆነ ማንም አልተጨነቀም። የእስክሪብቶ ክዳንም፣ ጥፍርም ይሠራል። አንድ ቀን መጋዘን ወርጄ አንዷን ቆጣሪ ቆሜ አየኋት። ካርቶኑን በአንድ እጇ ደግፋ ይዛለች። የመጻፊያው ጥግ ላይ ያለችውን "ኤቢሲ" ነካች፣ ስክሪኑ ላይ ኪቦርድ ብቅ አለ፣ በአውራ ጣቷ ጥፍር ጠቅ ጠቅ አደረገችና ጨረሰች።

"ግራፊቲውስ?" አልኳት።

"የቱ?"

በጣቴ አየር ላይ ጻፍኩላት።

"እ... እሱማ የአለቃ ነው" አለች።

ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁና፣ "የሚጠቀሙት በኪቦርድ ነው!" አልኳቸው።

"በፓልም ላይ አይደል?" አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

በነገራችን ላይ፣ ሀንድስፕሪንግ የሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ትሪዮ የተባለውን ስልኩን በሁለት መልክ ነው ያወጣው፤ 180 በኪቦርድ፣ 180ጂ በግራፊቲ። እዚያም እንደኛ ዓይነት ስብሰባ ሳይኖር አልቀረም ብዬ ተጽናንቻለሁ።

በዓመቱ ሪፖርት ላይ "በብዕር የመጻፍ ዘዴው በሠራተኞች ዘንድ ሙሉ ተቀባይነት አግኝቷል" የሚል ሰፈረ። ከሥሩ የአለቃችን ፊርማ አለ። ከፊርማው ቀጥሎ፣ በአባሪነት፣ የጠፉ ብዕሮች መተኪያ የግዢ ጥያቄ።