በውሃ የተመለሰ አንጀት

የእህቴን ልጅ ውሃ ነው ያዳነው ስል ሰው ሁሉ ጠበል ይመስለዋል። የጨው ውሃ ነው። ሆስፒታል ውስጥ በላስቲክ ከረጢት ተንጠልጥሎ የምናየው፣ በደፈናው ግሉኮስ የምንለው ዓይነት። እሱን በቱቦ ከታች በፊንጢጣው አስገብተው፣ በአልትራሳውንድ እያዩ፣ የተሰካካ አንጀቱን ወደ ቦታው መለሱት። ሆዱ አልተቀደደም። ራጅም አላስፈለገም። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለ ወላጅ ሁሉ ይህን ቢያውቅ ብዬ ነው የምጽፈው።

በሽታው እንዲህ ነው። የአንጀት አንዱ ክፍል ተንሸራቶ ቀጣዩ ክፍል ውስጥ ይገባል፣ የሹራብ እጅጌ ወደ ውስጥ እንደሚገባው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ቀጭኑ አንጀት ከትልቁ ጋር በሚገናኝበት በቀኝ በኩል ነው። የገባው ክፍል ይጨመቃል፣ ያብጣል፣ ደም ያጥረዋል፤ ከቆየ ይሞታል፣ ይበሳል። ሐኪሞቹ ኢንተሰሰፕሽን ይሉታል። በብዛት የሚይዘው ከ2 ዓመት በታች ያሉትን ነው፣ በተለይ ከ5 እስከ 9 ወር የሆናቸውን። ፋፋ ያለ፣ ደህና የሚጠባ ልጅ ላይ ድንገት ይመጣል። አንዳንዴ ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ይቀድመዋል፤ በአብዛኞቹ ግን ምክንያቱ አይታወቅም።

የኛ ልጅ 8 ወሩ ነበር። አመሻሹ ላይ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ጮኸ። ከዚያ ዝም አለ፣ እንዲያውም ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጮኸ። ሰውን የሚያዘናጋው ይሄ ነው፣ መሀል ላይ ደህና መሆኑ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ ጥርስ ሊያበቅል ነው አለች፣ አንዷ እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ሌላዋ ደግሞ ሆዱ በቅቤ ይታሽለት። በክፋት አይደለም፣ ሁሉም ለልጁ አስቦ ነው። ግን የታመመ አንጀት ማሸት ጥሩ አይደለም፣ እንጥል ማስቆረጥማ ሌላ ጉዳት ነው። እናታችን ትውከቱ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ አየችና «ይኼ ቁርጠት አይደለም፣ ተነሱ» አለች። ተነሳን። ዳገቱን ስንወጣ ልጁ እየደከመ፣ እየፈዘዘ ሄደ፤ እህቴ መንገዱን ሙሉ «ያ ረቢ» እያለች ነበር።

ደሴ ሐኪሙ ደጋግሞ የጠየቀው አንድ ነገር ነው። «እናቱ፣ ለቅሶው መቼ ጀመረ?» ያኔ ለምን እንደዚያ እንደሚያጠብቀው አልገባኝም ነበር። ለካ ሁሉም ነገር በዚህ ላይ ነው የቆመው። አልትራሳውንዱ ላይ ክብ ውስጥ ሌላ ክብ ታየ። መጀመሪያ ፈሳሽ በደም ስሩ ሰጡት። የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሲጠራ እህቴ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እሱ ግን «አብሽሪ እህቴ፣ እኔ የመጣሁት ምናልባት ካልሆነ ብዬ ነው» አላት። ውሃው አንጀት የመብሳት ዕድሉ ከመቶ አንድ ባይሞላም፣ ኦፕራሲዮን የሚያደርግ ሰው ቅርብ ሳይኖር አይጀመርም።

እጆቹን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የጨው ውሃው ለብ ያለ ነው። ቱቦው እንዳይወጣ ጫፉ ላይ ፊኛ አለው፣ መቀመጫውንም ግጥም አድርገው በፕላስተር አሰሩት። ከረጢቱን ከአልጋው በላይ አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ሰቀሉት። የሚገፋው የውሃው ክብደት ብቻ ነው፣ ሌላ ማሽን የለም። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ውሃ ወደፊት ሲሄድ እብጠቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ቀኝ ጥጉ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ እምቢ አለ። ውሃውን ለቀቁት፣ አሳረፉት፣ እንደገና ሞከሩ፣ እና በድንገት ውሃው ወደ ቀጭኑ አንጀት ሾለከ፣ እብጠቱም ጠፋ። ልጁ እዚያው እንቅልፍ ወሰደው።

አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሃራልድ ሂርሽፕሩንግ የሚባል የኮፐንሃገን የሕፃናት ሐኪም አንጀትን በውሃ ግፊት ስለመመለስ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። ቆይቶ በራጅ እያዩ በባሪየም (ራጅ ላይ ጎልቶ በሚታይ ፈሳሽ)፣ በኋላም በአየር መመለስ ተለመደ፤ ያ ግን ሕፃኑን ለጨረር ያጋልጠዋል። አልትራሳውንድ ሲመጣ ጨረሩ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1988 ከቻይና የወጣ አንድ ጽሑፍ 377 ታማሚዎች በዚህ መንገድ ታክመው ከመቶ 95ቱ ያህል እንደተሳካላቸው ዘግቧል። የሚያስፈልገው አልትራሳውንድ፣ ቱቦ፣ የጨው ውሃና የሠለጠነ እጅ ነው። እርጉዝ በምትታይበት ማሽን የሚሠራ ሕክምና በየሆስፒታሉ እንዲዳረስ ብንጠይቅ አልበዛም።

ግን ለሁሉም አይሆንም። አንጀቱ ከተበሳ፣ ሆዱ ውስጥ ኢንፌክሽን ከተሰራጨ ወይም ልጁ የደም ዝውውሩ ወድቆ ሾክ ውስጥ ከገባ ቀጥታ ኦፕራሲዮን ነው፤ እሱም ሕይወት ያድናል፣ ማንም አይጥላው። የሚያንገበግበኝ ከሩቅ ገጠር ቀናት ቆይተው የሚደርሱት ናቸው። ለእነሱ የውሃው ዕድል ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ያልቃል። ደም የቀላቀለ ንፍጥ መሰል ሰገራ እስኪታይ የሚጠብቅም አለ። እሱ ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ነው፣ አትጠብቁት። እየመጣ የሚሄድ ለቅሶ፣ ትውከት፣ መፍዘዝ ካያችሁ በዚያው ሰዓት ሂዱ፣ ሌሊትም ቢሆን።

ከአሥር ልጆች በአንዱ ያህል በሽታው ሊያገረሽ ይችላል፣ አንዳንዴም በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ውስጥ፣ ስለዚህ አስተኝተው ተከታተሉት። ቢያገረሽም በውሃው ደግሞ መሞከር ይቻላል። የኛ አላገረሸበትም። ሰፈር ውስጥ «የሮታ ክትባት (የተቅማጥ መከላከያው) ነው ያመጣበት» የሚል ወሬ ተነስቶ እህቴ ተረብሻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ7 የአፍሪካ አገሮች የተደረገ ጥናት ክትባቱ ይህን በሽታ እንዳበዛ አላገኘም። ደግሞ እሱ ክትባት የሚሰጠው በ6ኛና በ10ኛ ሳምንት ነው፣ የኛ የታመመው ከወራት በኋላ። አስረዳኋት። 9 ወር ሲሞላው የኩፍኝ ክትባቱን ራሷ ወስዳ አስከተበችው።