እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ

እሑድ ማታ ነው። እማዬ ተኝታለች። የምግብ ጠረጴዛው ላይ እርሳስ፣ ላጲስና አንድ ትልቅ ነጭ ወረቀት እንደተዘረጉ ናቸው። ላነሳቸው አልፈለግኩም። ከመተኛቴ በፊት ይህን ልጻፍ።

ዛሬ ከቅዳሴ ስንመለስ መንገዴን ትንሽ ጠምዘዝ አድርጌ በዌስተርንና በአዳምስ ጎዳናዎች መገናኛ በኩል አሳለፍኳት። ሎስ አንጀለስ ከመጣች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። አንድ ሕንፃ ላሳያት ፈልጌ ነበር። በ1949 ያለቀ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ጎልደን ስቴት ሚውቿል የሚባል የጥቁሮች የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት ነበር። መኪናዬን ጥግ አስያዝኩ።

«ማነው የሠራው?» አለችኝ።

«ፖል ዊሊያምስ የሚባል አርክቴክት ነው፣ እማዬ። ጥቁር ነው።»

«በዚያን ጊዜ?»

«በዚያን ጊዜ።»

ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለችና «በይ እንሂድ፣ ይሞቃል» አለች። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከሰውየው ጋር ዋልኩ።

ድራፍቲንግ፣ የሕንፃ ፕላን መሳል ማለት ነው፣ እንጀራዬ ነው። አዲስ አበባ ተምሬው እዚህም የምኖርበት ሥራ ሆነ። ስለ ዊሊያምስ የሰማሁት ግን እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለ እሱ ሲያወራ «የግንባታ ሳይት ላይ ሲዞር እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነበር» አለኝ። ወዲያው አንድ ሰው ታየኝ። በእኛ አገር እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚሄድ ሰው ወይ ሽማግሌ ነው ወይ አለቃ ነው። አዲስ አበባ የተለማመድኩበት ሳይት ላይ ኢንጂነሩ እንዲያ ነበር የሚመጣው። ፎርማኑ ከኋላ ይከተለዋል፣ ግንበኞቹ ወሬያቸውን ያቆማሉ። እና የዊሊያምስም ኩራት መሰለኝ። ደስ አለኝ።

ምክንያቱን ያነበብኩት በኋላ ነው። የጥቁር እጅ መጨበጥ የማይፈልጉ ነጮች ነበሩ። ዊሊያምስ እጁን ከኋላው የሚያደርገው መጨበጥ የፈለገው ሰው ራሱ ቀድሞ እንዲዘረጋ ነው። ካልዘረጋም ነገር ሳይነሳ ሥራው ይቀጥላል።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኛ ሰላምታ የማናስቀር ሰዎች ነን። ግንበኛው እጁ በሲሚንቶ ከተነከረ ክንዱን ይዘረጋል። እየበላ ያለ ሰው አንጓውን ይሰጣል። እጅ ቢቆሽሽ እንኳ ሰላም የሚባልበት መንገድ አይጠፋም። ይሄ ሰው ደግሞ ንጹሕ እጁን፣ ያን የመሰለ መስመር የሚያወጣ እጁን፣ በየቀኑ ከጀርባው ይደብቅ ነበር።

የተወለደው እዚሁ ሎስ አንጀለስ ነው፣ በ1894። ወላጆቹ ከሜምፊስ የመጡ ናቸው። አራት ዓመቱ ላይ ሳለ ሁለቱንም የሳንባ ነቀርሳ ጨርሶበታል። ወንድሙ ለብቻው ሌላ ቤት ሄደ፤ እሱን አንዲት ሴት ወስደው አሳደጉት። ሁለተኛ ደረጃ ሲማር አርክቴክት መሆን እንደሚፈልግ ለመምህሩ ነገረው። መምህሩ ተገረመ። ነጮች አይቀጥሩህም፣ የአንተ ሰዎች ደግሞ አቅሙ የላቸውም አለው። ዊሊያምስ በኋላ ሲጽፍ፣ ጥቁር መሆኔ ፍላጎቴን እንዲያስቆመው ያን ጊዜ ከፈቀድኩ መሸነፍን ልማድ አደርገው ነበር ይላል።

እኔንም አንድ መምህር «ሴት ልጅ ሳይት ላይ ምን ትሠራለሽ» ብሎኝ ያውቃል። ሁለት ሳምንት ክፍል አልገባሁም። ስለዚህ ይህን ሳነብ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የሆንኩ ያህል ፊቴ ጋለ።

በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ተማረ። በ1921 የአርክቴክትነት ፈቃዱን አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት የራሱን ቢሮ ከፈተ። በ1923 የአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበር የመጀመሪያው ጥቁር አባል ሆነ።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ልመለስ። ዊሊያምስ ገልብጦ መሳል ይችል ነበር። ደንበኛው ጠረጴዛ ማዶ ይቀመጣል። ዊሊያምስ ከወዲህ ሆኖ፣ ለራሱ ተገልብጦ ለደንበኛው ቀጥ ብሎ እንዲታይ አድርጎ ቤቱን ይስልለታል። ሳሎኑ፣ ደረጃው፣ በረንዳው ከሰውየው ፊት ይበቅላል። ይህን የተለማመደው ከጥቁር ሰው ጎን መቀመጥ የሚከብዳቸው ደንበኞች ስለነበሩ ነው። ወንበራቸውን ሳይለቁ፣ እሱም ሳይጠጋቸው ቤታቸውን ያያሉ።

ሰዎች ይህን እንደ ጥሩ ጨዋታ ሲያወሩት እሰማለሁ። «እንዴት ያለ ተሰጥኦ!» ይላሉ። ተሰጥኦ እማ ነው። ለእኔ ግን እንደዚያ ቀልሎ አይወራም። አንድ ሰው እዚያ ለመድረስ ስንት ሌሊት ብቻውን ተቀምጦ ወረቀት ገልብጧል? ያን ሁሉ ሰዓት ለሌላ ነገር ሊያውለው ይችል ነበር።

ሌሊት ካልኩ አይቀር፣ ኮርድ የሚባል የመኪና ፋብሪካ ባለቤት ቤቨርሊ ሂልስ ላይ ትልቅ ቤት ሊሠራ አርክቴክቶችን እያነጋገረ ነበር። ሌሎቹ ሳምንታት ጠየቁ። ዊሊያምስ «ነገ ከሰዓት በኋላ አደርስልሃለሁ» አለው። 22 ሰዓት ሳይተኛ፣ ሳይበላ ሠርቶ አደረሰ። ሥራውንም አገኘ። እኔም ሥራ ለማድረስ ያደርኩባቸው ሌሊቶች አሉ፤ ቢያመልጠኝ ግን በማግስቱ ሌላ ዕድል አለኝ። እሱ ያንን ዕድል ደጋግሞ እንደማያገኝ ያውቅ ነበር።

በሕይወቱ 3,000 ያህል ሕንፃዎችን እንደነደፈ ይነገራል፣ አብዛኞቹ መኖሪያ ቤቶች ናቸው። ለዘፋኙ ፍራንክ ሲናትራ ሠርቷል፣ ለተዋናይዋ ሉሲል ቦል ሠርቷል። በዚህ የተነሳ «የከዋክብቱ አርክቴክት» ይሉታል። ስሙ አይመቸኝም። ሌላውን ሥራውን ይሸፍናል። እዚሁ ሎስ አንጀለስ በ28ኛው ጎዳና ላይ ያለውን የወወክማ (የወጣቶች ማኅበር) ሕንፃ በ1926 የሠራው እሱ ነው። ሌላ ቦታ በር ለሚዘጋባቸው ጥቁር ወጣቶች ማደሪያም መዋኛም ነበረው። ግድግዳው ላይ የታወቁት የጥቁሮች መሪዎች የፍሬድሪክ ዳግላስና የቡከር ቲ. ዋሽንግተን ምስል ተቀርጿል። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ደግሞ ላንግስተን ቴራስን አይታችሁት ይሆናል፤ በ1938 ለሠራተኛ ቤተሰቦች የተከፈተውን ያን መንደር ከአርክቴክቱ ሂልያርድ ሮቢንሰን ጋር ነው የነደፈው። እማዬን የተቀበልኩበት ኤርፖርት ውስጥ ያለው ባለ አራት እግር ሕንፃ ላይም ከሠራው ቡድን ውስጥ ስሙ አለ።

የሚያመኝ ሌላ ነው። በ1937 አንድ መጽሔት ላይ ስለ ራሱ ጽፎ ነበር። ቀን በዓለም ካሉት እጅግ ውብ ሰፈሮች በአንዱ ለሚሠራ ትልቅ ቤት ንድፍ ሲያወጣ ዋለ። እዚያ ሰፈር መኖርን አንዳንዴ ያልማል፣ ገንዘቡም አለው። ማታ ግን ብዙም ወደማይወደድ ሰፈር፣ ወደ ትንሿ ቤቱ ይመለሳል። ምክንያቱ ጥቁር መሆኑ ነው። በእነዚያ ሰፈሮች የቤቱ ውል ላይ ጥቁር አይገዛም፣ ጥቁር አይኖርም የሚል ቃል ይሰፍር ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል ማስፈጸም አይችሉም ያለው በ1948 ነው። ዊሊያምስ ላፋዬት ስኩዌር በሚባል የሎስ አንጀለስ ሰፈር ውስጥ የራሱን ቤት ሠርቶ የገባው በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ወደ ስልሳ ሲጠጋ ነበር። ለስንቱ ሰው ስንት በር ከሳለ በኋላ!

የራሱ የሆነ ስታይል የለውም ብለው የሚያቃልሉት አሉ። ለአንዱ የእንግሊዝ፣ ለሌላው የስፓኒሽ፣ ለሦስተኛው ዘመናዊ ቤት ሠርቷል ነው ክሱ። አልቀበለውም። ሰው የሚኖርበትን ቤት ከሚኖርበት ሰው ወንበር ሆኖ ማየት ራሱ ትልቅ ሙያ ነው። ብዙ ጎበዝ አርክቴክት የሚጎድለው እሱ ነው።

ሜምፊስ ያለውን የሴንት ጁድ የሕፃናት ሆስፒታል ንድፍ በነጻ ነው የሰጠው። በ1962 ሲከፈት ኮከብ ቅርጽ ነበረው። የመጀመሪያው ሕንፃ ዛሬ የለም፣ ፈርሷል። ግን አባትና እናቱ በመጡበት ከተማ ለታመሙ ልጆች ቤት መሥራቱን ሳስብ፣ አራት ዓመቱ ላይ የቀረው ያ ሕፃን ነው ፊቴ የሚመጣው።

በ1980 አረፈ። በ1992 በሎስ አንጀለስ ረብሻ ጊዜ አንድ ባንክ ሲቃጠል ሰነዶቹ አብረው ነደዱ፤ ንድፎቹም አብረው ያለቁ መስሏቸው ያዘኑ ብዙ ነበሩ። ንድፎቹ ግን ሌላ ቦታ ነበሩ፣ ተርፈዋል። የልጅ ልጁ ጠብቃ አቆየቻቸው። በ2020 የተማረበት ዩኒቨርሲቲና ጌቲ የሚባለው የሥነ ጥበብ ተቋም በጋራ ተረከቡ፣ 35,000 ያህል ፕላን። ይህን ሳነብ ቢሮ ውስጥ ተነስቼ ቆምኩ። የአርክቴክቶች ማኅበሩ የወርቅ ሜዳሊያም በ2017 ተሰጠው፣ ከሞተ ከ37 ዓመት በኋላ።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ታዲያ ወረቀት አወጣሁ። አዲስ አበባ ያለውን የእማዬን ማድ ቤት ልናድስ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ፕላኑን በኮምፒውተር እያሳየኋት «ጥሩ ነው ልጄ» ብቻ ነው የምትለኝ። ማዶ አስቀመጥኳትና ወደ እሷ ገልብጬ መሳል ጀመርኩ።

ከባድ ነው። መስመሩ እሺ ይላል፣ ፊደሉ ግን ይጠፋል። «ሳሎን» ልጽፍ ሰን ስገለብጠው ሀ ይሆንብኛል። ቀስ ብዬ ሄድኩ። ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ ምድጃውን አስቀመጥኩ። እማዬ መነጽሯን አደረገች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።

«ይሄ ምጣዱ ነው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ጭሱ በየት ይወጣል?»

መስኮቱን አሳየኋት። አልጣማትም። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ስጋግር ጀርባዬን ለበሩ እሰጣለሁ ማለት ነው። ማን እንደመጣ አላይም። ሰው ሲመጣ ማየት አለብኝ፣ ልጄ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ነው ስትጋግር የኖረችው። አንድም ቀን አልጠየቅኳትም።

በሩን አጠፋሁት። «የት ይሁን?» አልኳት። ጣቷን በግድግዳው ላይ እየጎተተች ሄዳ አንድ ቦታ ቆመች። እኔም ጣቷ ያለበት ቦታ ላይ፣ ከእሷ በኩል እንዲከፈት አድርጌ በሩን ሳልኩት።