ቀዩ ቢስክሌት

አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ለሚፈተኑ ሰዎች የንግግር ክፍሉን አለማምዳለሁ። ያን ሰሞን አንድ ክፍል ውስጥ 12 ተማሪዎች ነበሩኝ። 12ቱም በልጅነታቸው ቀይ ቢስክሌት ነበራቸው። የሁሉም አባት ልጁ 10 ዓመት ሲሞላው ነው የገዛለት። ሁሉም በመጀመሪያው ቀን ወድቀው ጉልበታቸው ተላጠ። ሁሉም ከዚያ ቢስክሌት ትዕግሥትን ተማሩ።

ይህ ሁሉ መልስ የተጻፈበት ወረቀት የመጣው ከሥልጠና ኃላፊው ነው። ጥያቄ፣ ከሥሩ መልስ፣ ጥያቄ፣ ከሥሩ መልስ እያለ የሚሄድ ጥራዝ ነበር። ያደልኩት ግን እኔ ነኝ። "በቃላችሁ ያዙት" ያልኩትም እኔ ነኝ።

የቢስክሌት ጥያቄ የንግግር ፈተናው ክፍል አንድ ላይ የሚመጣ ዓይነት ነው። ልጅ ሆነህ ቢስክሌት ነበረህ? ማን አለማመደህ? አሁንስ ትነዳለህ? ሲያዩት ቀላል ነው፤ የኛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይሰናከላል። እኛ መኪናም ቢስክሌትም እንነዳለን። እንግሊዝኛው ግን መኪናን "ድራይቭ"፣ ቢስክሌትን "ራይድ" ብሎ ይለያቸዋል። ፍሬንና ጎማ ደግሞ ከጣልያንኛ የወሰድናቸው ቃላት ናቸው፣ ተማሪው ግን የውጭ ቃል ስለሆኑ ብቻ እንግሊዝኛ ይመስሉታል። "ማይ ፍሬን አልሠራ አለ" ሲል ፈታኙ የሚሰማው "ጓደኛዬ" እንዳለ ነው። ቃሉ "ብሬክ" ነው። እኔ ማስተማር የነበረብኝ ይህን ነበር። ጊዜ አጠረንና ወረቀቱን ይዘን ሄድን።

ከተማሪዎቹ አንዷ ነርስ ናት፣ በዕድሜ እኩያዬ ብትሆን ነው። ከምሽት ተረኝነት ወጥታ በቀጥታ ወደ ክፍል የምትመጣበት ቀን ነበር። ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ እኔ እኮ ቢስክሌት ኖሮኝ አያውቅም።"

"ችግር የለውም። ፈታኙ እውነት ይሁን አይሁን አያጣራም። የሚለካው እንግሊዝኛሽን ነው።"

"ነድቼም አላውቅም።"

"ይገባኛል። ብቻ እንደነበረሽ አድርገሽ አውሪ።"

ያልኳት ስህተት አልነበረም። ፈታኙ አራት ነገር ነው የሚያየው፤ ሳይቆራረጡ አያይዞ መናገርን፣ የቃላት ሀብትን፣ ሰዋስውንና የድምፅ አወጣጥን። አራቱም እኩል ነጥብ አላቸው። እውነት መናገር ከአራቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ ያን ቀን ልክ የሆነ ምክር ሰጠሁ ብዬ ነው ቤቴ የገባሁት።

ሳምንት ቆይተን የሙከራ ፈተና አደረግን። እኔ ፈታኝ፣ እሷ ተፈታኝ፣ ስልኬ መሃላችን ሆኖ ይቀዳል። "ልጅ ሆነሽ ቢስክሌት ነበረሽ?" አልኳት። ዓይኗ ወደ ጣሪያው ሄደ። ድምፅዋ ተቀየረ። ከዚያ በፊት ስሟንና ሥራዋን ስጠይቃት በራሷ ድምፅ ነበር የመለሰችው፣ አሁን ግን አንድ ወጥ ሆኖ ከፍም ዝቅም ሳይል ቀይ ቢስክሌቱ፣ አባትየው፣ ጉልበቱ፣ ትዕግሥቱ በተርታ ወጣ። አንድ ቃል አልሳተችም። ፈታኞች በቃል የተያዘ መልስ እንዲለዩ ይሠለጥናሉ፤ ይህንን ለመለየት ግን ሥልጠናም አያስፈልግም ነበር።

በእውነተኛው ፈተና ፈታኙ ክፍል አንድ ላይ ከተጻፈለት ጥያቄ አይወጣም። እኔ ወጣሁ። ያ ጣሪያ ላይ የቀረ ዓይን ረብሾኝ ነው መሰለኝ።

"አባትሽ ሲያለማምድሽ የት ጋ ነበር የሚቆመው?"

ዝም አለች። ቅጂውን በኋላ ስሰማው 20 ሰከንድ ያህል ነው፣ እዚያ ተቀምጦ ለሚጠብቅ ግን በጣም ረጅም ነበር። "ቢስክሌቱ ቀይ ነበር" አለች እንደገና፣ ከመጀመሪያው ልትጀምረው። ከዚያ ተወችውና በአማርኛ፣

"ቲቸር፣ እሱ የት እንደሚቆም አላውቅም። እኔ የማውቀው ለወንድሜ እኔ የምቆምበትን ነው።"

"እሱን ንገሪኝ" አልኳት። "በእንግሊዝኛ።"

ነገረችኝ። ቢስክሌቱ የጎረቤት ልጅ ነው፣ ሲሰለቸው ያውሳቸዋል። ታናሽ ወንድሟ ይወጣበታል፣ እሷ ከኋላ ኮርቻውን ይዛ ትሮጣለች። ኮርቻ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አታውቅም። አልቆመችም፣ "የሚቀመጥበት ቦታ" ብላ አለፈችው። ፈታኝ የሚወደው ይህንን ነው። ያላወቁትን ቃል በሌላ መንገድ ማለት ራሱ ከቃላት ሀብት ይቆጠራል፤ የኛ ጥራዝ ላይ ግን ስለዚህ አንድ መስመር የለም።

አንድ ቀን ለቀቀችው። "ለቀቅኩት" ለማለት የመጣላት የእንግሊዝኛ ቃል "ትቼው ሄድኩ" የሚል ነበር። ሰማችው፣ ልክ እንዳልሆነ ገባት፣ ጭብጧን ወደ ፊቷ አመጣችና ቀስ አድርጋ ዘረጋችው። "እጄን ከፈትኩ" አለች። ወንድሟ አላወቀም። ከኋላው ያለች መስሎት እያወራት ሄደ።

ይህን ስትል ዓይኗ ጣሪያው ላይ አልነበረም። እኔን ነበር የምታየው። "እሮጥ ነበር"፣ "ይዤው ነበር" የሚሉትን ግሦች፣ ስንት ሳምንት ሰሌዳ ላይ ስጽፍላቸው የከረምኩትን፣ ሳታስብ አስተካክላ አለቻቸው። አንዳንዱን ደግሞ አበላሸች፣ ያለፈውንና የአሁኑን ጊዜ ቀላቀለች። ግን ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሳትቆም አወራች።

"አንቺስ ለምን አልነዳሽም?" አልኳት።

"እሱ ሲወርድ ይመሻል።"

ቅጂውን ለኃላፊው ወሰድኩለት። ሁለቱንም አሰማሁት፣ ቀዩን ቢስክሌትና የወንድሟን። ጥሩ አድርጎ አዳመጠ። "ሁለተኛው ስህተት ይበዛበታል" አለ። ይበዛበታል። "የመጀመሪያው ግን የሷ አይደለም" አልኩት። "ቢሆንም ይዘን እንቀጥላለን፣ ተማሪው የሚከፍለው ለመልሱ ነው" ብሎ ስልኬን መለሰልኝ። እኔ ደግሞ ተማሪው የሚከፍለው መናገር እንዲችል ይመስለኝ ነበር። አሁንም ይመስለኛል።

ውጤት መጣ። የምትፈልገው 7 ነበር፣ በንግግር 6.5 አገኘች። ከዚያው ክፍል አንድ ልጅ፣ ቀዩን ቢስክሌት ከሁሉም በላይ አጥርቶ ይደግም የነበረው፣ 7 አገኘ። ውጤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። በማግስቱ በዚያ ሳልፍ ኃላፊው ምንም አላለኝም፣ ሰሌዳውን ብቻ አየት አደረገው። ልጁ ስለ ቢስክሌት ይጠየቅ አይጠየቅ ማንም አልጠየቀውም። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ያለ ወረቀቱም ያመጣው ነበር ብዬ አምናለሁ፣ ማረጋገጥ ግን አልችልም። ይህ እስካሁን ይከነክነኛል።

ደወለችልኝ። የተከፋችው በነጥቡ ብቻ አልነበረም።

"እያወራሁ አቋረጠኝ ቲቸር። ምን አጥፍቼ ነው?"

ምንም አላጠፋሽም አልኳት። ክፍል አንድ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ነው፣ ጠቅላላ ፈተናው ከ11 እስከ 14። ሰዓቱ ሲደርስ ዓረፍተ ነገር መሃልም ቢሆን ያቋርጣሉ፣ ሥራቸው ነው። እንዲያውም የሚቋረጠው የሚያወራ ሰው ነው። ይህንንም ክፍል ውስጥ አልነገርኳቸውም ነበር።

በኮምፒውተር ስለተፈተነች የንግግሩን ክፍል ብቻ መድገም ትችላለች። ለዚያ የተሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው። ተመዝግባለች፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ ስትወጣ እንለማመዳለን። "ኮርቻ" የሚለውን ቃል አሁን ታውቀዋለች፣ "ለቀቅኩት"ንም እንደዚሁ። "እጄን ከፈትኩ" የሚለውን ግን እንድትተወው አልነገርኳትም።

ጥራዙ አሁንም ይታደላል። እኔ ክፍል ውስጥ የቢስክሌት ገጽ ላይ ስንደርስ ወረቀቱን አስገለብጣቸውና መጀመሪያ ማን እንደነበረው፣ ማን እንዳልነበረው እጅ አስወጣቸዋለሁ። ያልነበራቸው ቀድመው ያወራሉ።