ሰይቼንቶዬ የ55 ናት፤ ግን በየትኛው አቆጣጠር?

መካኒኬ ጋሼ አዲሱን ፒስተን ገለበጡና ባዶው ሲሊንደር አፍ ላይ አድርገው ለቀቁት። ይያዛል ብዬ ስጠብቅ ቀጥ ብሎ ወረደ። በግራ እጃቸው ከስር ቀለቡት። ሁለተኛውንም ሞከሩ፤ እሱም ወረደ። ሦስተኛውን አልሞከሩም።

"ልጄ፣ ይሄ የማን ፒስተን ነው?"

"የሰይቼንቶ።"

"የትኛዋ ሰይቼንቶ?"

መልስ አልነበረኝም። ለእኔ ሰይቼንቶ (በጣሊያንኛ ስድስት መቶ፣ ፊያት 600) ማለት ሰይቼንቶ ነበረች፤ ልጅ ሆነን አምስት ስድስት ሰው ታጭቀንባት የምንሄድባት፣ ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ትንሿ ታክሲ። የትኛዋ ብሎ ነገር አለ እንዴ?

አለ። እሱን ለማወቅ አንድ ሙሉ የፒስተን ሴት ከሰርኩ።

መኪናዋን የገዛሁት ከአንድ ቤተሰብ ነው። አባታቸው ታክሲ ይሠሩባት ነበር፤ እሳቸው ካረፉ በኋላ ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ስር ቆማ ኖረች። ከሊብሬው ጋር አንድ ያረጀ ወረቀት ሰጡኝ። በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ "ፊያት 600፣ በ1955 ዓ.ም. ተገዛች" ይላል። ቤት ገብቼ ሳነብ ፊያት 600ን ለዓለም ያሳየው በመጋቢት 1955 ጄኔቫ ላይ መሆኑን አየሁ። በቃ፣ እንቅልፍ አጣሁ! የመጀመሪያው ዓመት መኪና እጄ ገብታለች ብዬ ለማን ያልነገርኩት አለ? በሮቿ ደግሞ እንደ ድሮዎቹ ናቸው፤ ማጠፊያቸው ከኋላ ሆኖ ከፊት በኩል ነው የሚከፈቱት። ሌላ ማስረጃ ምን ያደርግልኛል?

ስለዚህ ጣሊያን ለምትኖረው የአክስቴ ልጅ "የ1955 ሰይቼንቶ ፒስተን ከነፋሻው" (ከነቀለበቱ) ብዬ ጻፍኩላት። እሷም የታዘዘችውን ገዝታ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ትክክለኛ ዕቃ ነው፤ የ1955 ሰይቼንቶ ፒስተን። ችግሩ ወረቀቱ ላይ ያለውን "ዓ.ም." ዘልዬው ነበር። መኪና ላይ ሞዴል ሲጠራ ጆሯችን የለመደው የፈረንጁን ዓመት ነው። እኚያ አባት ግን የጻፉት በራሳቸው አቆጣጠር ነው። 1955 ዓ.ም. በፈረንጆቹ 1962 እና 1963 ላይ ይውላል። በዚያን ጊዜ ፊያት የመጀመሪያዋን ሰይቼንቶ መሥራት አቁሞ ነበር።

ጋሼ ካሊብሯቸውን አወጡና ሲሊንደሩን ለኩት፤ 62 ሚሊሜትር ከትንሽ ጭራ። እኔ ያመጣሁት ፒስተን 60 ነው። ሁለት ሚሊሜትር በወሬ ምንም አይደለም። ሞተር ውስጥ ግን ጫማ በሁለት ቁጥር እንደማሳሳት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያዋ 600 ሞተሯ 633 ሲሲ ነው፤ ፒስተኑ 60፣ ምቱ (ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች የሚጓዘው) 56 ሚሊሜትር። በ1960 (የፈረንጅ፣ ከዚህ በኋላ ሁሉም የፈረንጅ ነው!) 600 ዲ መጣች። ፒስተኑ 62፣ ምቱ 63.5፣ በድምሩ 767 ሲሲ። ቅርጿ ያው ነው። መንገድ ላይ ስታልፍ ካየሃት አትለያትም። ቀረብ ብለህ ካየህ በሩ ላይ ከመስታወቱ ፊት ለአየር የምትከፈት ባለ ሦስት ማዕዘን ትንሽ መስታወት አለች፤ እሷ ከዲ ጋር የመጣች ነች። የእኔዋ ላይ ነበረች። ሰንብታ፣ እያየችኝ። እኔ ግን የማየው የበሩን ማጠፊያ ብቻ ነበር።

ማጠፊያውም ቢሆን አልዋሸኝም፤ እኔ ነኝ ያልጠየቅኩት። ዲዎቹም እስከ 1964 ድረስ በራቸው እንደ ድሮው ነበር የሚከፈተው። ከዚያ ነው ማጠፊያው ወደ ፊት የዞረው። በ1965 ደግሞ የፊት መብራቶቹ ተለቅ አሉ፤ ጣሊያኖቹ ለዚያች መኪና ከትልልቅ መብራቶቿ የመጣ ቅጽል ስም አላቸው። ስለዚህ በሩ የሚነግርህ "ከ1964 በፊት" የሚለውን ብቻ ነው። እሱም ጣሊያን ለተሠራችው ነው። ስፔን ውስጥ ሲያት የሚባለው ፋብሪካ የሠራት ሰይቼንቶ እስከ 1969 ድረስ በሩን ሳይቀይር ቆይቷል። በበሯ ብቻ ዓመቷን እናገራለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ የት አገር እንደተሠራች ጠይቁት።

ከዚያች ቀን በኋላ መኪና የማየው በሌላ ዓይን ነው። የእኛ አገር አሮጌ መኪና ደግሞ ልዩ ፈተና አለበት። ሃምሳ ዓመት በጋራዥ ስትኖር ያልተቀየረላት የለም። በር ከአንዷ፣ ፓራፋንጎ ከሌላዋ፣ ሞተር ከሦስተኛዋ። ስለዚህ አንድ ምልክት ሳይ መጀመሪያ ራሴን የምጠይቀው "ይሄን ለመቀየር ስንት ያስወጣል?" ብዬ ነው። የፊት ማርኳ፣ ፓራውልቱ፣ ቸርኬው፣ መሪው፣ እነዚህ በግማሽ ቀን የሚቀየሩ ናቸው፤ ቢናገሩም አላምናቸውም። የአየር መስታወት ያላት በርም ከሌላ መኪና ተነቅላ ልትመጣ ትችላለች። የበሩን ማጠፊያ ከኋላ ወደ ፊት ማዞር ግን ምሰሶውን ቆርጦ መበየድ ነው። ለታክሲ ማን ያን ያህል ይለፋል? ስለዚህ ማጠፊያውን አምናለሁ፤ ያም ሆኖ በጥፍሬ ምሰሶውን ነካ ነካ አድርጌ ስቱኮ እንዳለበት አያለሁ።

ከሁሉም በላይ የማምነው የተመታ ቁጥር ነው። የሻንሲ ቁጥር መነሻው ላይ 100 ብቻ ከሆነ የድሮዋ ነች፤ 100 ዲ ከሆነ ሁለተኛዋ። ሞተሩም ብሎኩ ላይ የራሱ አለው፤ 100.000 ወይም 100 ዲ.000። የእኔን ሞተር ቁጥር ለማግኘት ግማሽ ሊትር ነጭ ጋዝ፣ አንድ የጥርስ ብሩሽና የከሰዓት በኋላ ትዕግሥት ጨረስኩ። ቅባቱ እንደ አስፋልት ጠጥሯል። መጀመሪያ ብቅ ያለችው "ዲ" ነች። ሳቄ መጣ። ፒስተኑን ከማዘዜ በፊት ይሄን ባደርግ ኖሮ ወጪዬ የጥርስ ብሩሽ ብቻ ነበር።

(በነገራችን ላይ ጋራዥ ውስጥ የምንናገረው ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ፍሬቻ ቀስት ነው፣ ማርሚታ ድስት፣ ኮፈን ሳጥን። ጋሼ "ጉራንሲዮን አምጣ" ሲሉ የቱሪን መካኒክም የሚሰማቸው ይመስለኛል።)

ሰይቼንቶን ከቺንኮቼንቶ (ከፊያት 500) የሚያምታታም ብዙ ነው። ፎቶ ላይ ይመሳሰላሉ፤ እህትማማቾች ናቸው፣ ሁለቱም የፊያቱ መሐንዲስ የዳንቴ ጃኮዛ ሥራ። እዚህ ግን መጨነቅ አያስፈልግም፤ የኋላውን ኮፈን ክፈቱና ካንዴላ ቁጠሩ። በ1957 የወጣችው 500 ሁለት ሲሊንደር ነች፣ በአየር ነው የምትቀዘቅዘው። 600 አራት ካንዴላ አላት፣ ራዲያተርም አላት። ውሃ የሚጨመርበት ክዳን ካያችሁ ሰይቼንቶ ነች፤ አለቀ።

ከበድ የሚለው ላዳና ፊያት 124 ነው። አንድ ጓደኛዬ "ንጹህ የጣሊያን 124 አገኘሁ" ብሎ ጠራኝና ሄድኩ። ከሩቅ ሳያት እውነት መሰለኝ። ሶቪየቶች ከፊያት ጋር የተዋዋሉት በ1966 ነው፤ ቶሊያቲ በምትባለው የሩሲያ ከተማ የመጀመሪያዋ ላዳ በ1970 ስትወጣ መልኳ የ124 ነበር። ቀረብ ስል ግን የበር እጀታዋ ቆርቆሮው ውስጥ ገባ ብሏል። የ124 እጀታ ወደ ውጪ ይወጣል፣ በአውራ ጣት የምትጫነው ቁልፍ አለው። እጀታ ይቀየራል ብዬ ዝም አልኩ። የኋላውን ጎማ አስፈታሁት፤ ታምቡር ፍሬን። 124 አራቱም ላይ ዲስክ ነው። ኮፈኑን ከፈትን፤ ባልቦላዎቹን የሚከፍተው ካም ከላይ፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ነው የሚዞረው። በፊያቷ ላይ ካሙ ታች ብሎኩ ውስጥ ሆኖ ባልቦላዎቹን በዘንግ ነው የሚገፋው።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የሁለቱ ሞተር መጠን እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ 1197 እና 1198 ሲሲ። ፒስተናቸው ግን አንዱ 73፣ አንዱ 76 ሚሊሜትር። "1200 ነው" ብሎ ዕቃ የሚያዝ ሰው የእኔ ዕጣ ይደርሰዋል። ጓደኛዬ ትንሽ ከፋው። ግን ላዳ ምን አላት? ለእኛ ኮረኮንች መንገድ ከጣሊያኗ የበለጠ ታስባ የተሠራች ነች፤ ከመሬት ከፍ ያለች፣ ቆርቆሮዋም የወፈረ። ባትሪ ቢሞት እንኳ በማንዌላ፣ በእጅ በሚዞረው ብረት፣ ትነሳለች።

የእኔዋ ሰይቼንቶ ባለ 62 ፒስተን አግኝታ ሞተሯ ተነስቷል። ባለ 60ዎቹ አራት ፒስተኖች ግን ሳሎን መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው ቆዩ። ባለፈው ወር አንድ ሰው ደወለልኝ። "የ48 ሰይቼንቶ አለችኝ፣ ፒስተን ትፈልጋለች" አለኝ። "በየትኛው አቆጣጠር?" አልኩ ወዲያው። "በእኛ" አለኝ። አሰብኩት፤ 1955 መጨረሻና 1956 ማለት ነው። ልቤ ዘለለ፤ ፒስተኖቹን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ የጥርስ ብሩሽና ነጭ ጋዝ ይዤ ሄድኩ።

መስታወቷ እንደ መጀመሪያዎቹ በተንሸራታች ነው። የፊት ኮፈኗን ከፍተን የሻንሲ ቁጥሯን አየነው፤ 100። ተጨባበጥን። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሬ ሞተሩን መቦረሽ ጀመርኩ። አንድ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ብሩሹን ትንሽ ወደ ቀኝ ገፋ አደረግኩት።

ዲ።

ፒስተኖቹ አሁንም ሳሎን መደርደሪያ ላይ ናቸው።